ማርትሬዛ መሰብሰብ ለምትፈልጉ፦ 1780 የሚለውን ቁጥር እርሱት

የመጀመሪያዋን ማርትሬዛ (የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባትን የድሮ የብር ሳንቲም) የገዛሁት ከአንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ሰውዬው ሳንቲሟን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ዝም ብሎ አየኝ። "ጋሼ፣ ኦሪጅናል ናት?" አልኩት። "ልጄ፣ ማንበብ ትችል የለ? አንብበው እንጂ!" አለኝና በጣቱ ወደ ቁጥሩ ጠቆመኝ። 1780። አነበብኩ። በልቤ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት ቆጠርኩ፣ ከኪሴም የዚያኑ ያህል አወጣሁ። ቤት ወስጄ ስመዝናት 24.1 ግራም ሆነች። መሆን የነበረባት 28 ነው። ጠርዟን ሳገላብጥ ደግሞ ልክ እንደ ጀሪካን መሃሉ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር አላት።

ሰውዬው ዋሽቶኛል ለማለት ይከብደኛል። ያስነበበኝ ቁጥሩን ነው፣ ቁጥሩም 1780 ይላል። የተሸወድኩት እኔው ራሴ ነኝ። ማርትሬዛ ላይ ያለው ዓመት የዕድሜ ምስክር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1780 ነው። ብራቸው ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ ገበያ በጣም ተለምዶ ስለነበር ነጋዴው የሌላ ንጉሥ ፊት ያለበት ሲሰጡት "ይሄን አላውቀውም" ይላል። ስለዚህ በዚያው መልክ፣ በዚያው ክብደት፣ በዚያው 1780 እየቀረጹ መላኩን ቀጠሉ። ኦስትሪያ በ1858 እ.ኤ.አ. ከአገር ውስጥ መገበያያነት ካወጣችው በኋላ እንኳ ለውጭ ንግድ መቅረጿን አልተወችም። እንግሊዞች ከናፒየር ጋር ወደ መቅደላ ሲዘምቱ መንገድ ላይ ስንቅና አጋሰስ የሚገዙት በዚህ ብር ብቻ ስለነበር ቪየና ላይ በገፍ ማስቀረጽ ግድ ሆኖባቸዋል። አጼ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ሲያወጡም ሕዝቡ ለብዙ ጊዜ "ማርትሬዛዬን አምጡልኝ" ማለቱን አልተወም። ጠገራ የምንለውም እሱኑ ነው። ዛሬ የወረቀቱን ገንዘብ ብር ብለን የምንጠራው ያ የብር ማዕድን ስሙን ጥሎልን ስለሄደ ነው።

ከዚያ 1935 እ.ኤ.አ. መጣ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ ብሩ የሚመታባቸውን ማኅተሞች ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ መቅረጽ ጀመረ። ገበሬው ሊሬ እንደማይቀበል ገብቶታል። እንግሊዞች ይህን ሲያዩ ዝም አላሉም፣ በ1936 ለንደን ላይ ጀመሩ። ፓሪስና ብራስልስም ገቡበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይም ገባች፣ በርሚንግሃም ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ። ሁሉም ያው አንድ ፊት፣ ያው አንድ ዓመት። በጠቅላላው የተቀረጸው ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው። ቪየና ዛሬም ትቀርጸዋለች።

እንግዲህ ሦስት ነገር እንለይ፣ ገበያ ላይ ሆን ተብሎም ሳይታወቅም ስለሚምታቱ። ሪስትራይክ የሚባለው የታወቀ መቅረጫ ቤት በድሮው ማኅተም ቅርጽ፣ በድሮው ክብደትና ንጥረት፣ በድሮው ዓመት ደግሞ የቀረጸው ነው። ብሩ እውነተኛ ብር ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ፎርጅድ ደግሞ ሌላ ነው፦ አንዱ ጓዳው ውስጥ ወይም ፋብሪካው ውስጥ ከናስና ከቆርቆሮ አቅልጦ የሠራው፣ እንደኔዋ። ሦስተኛው የመታሰቢያ ሳንቲም ነው። ይህ በአዲስ ዲዛይንና በአዲስ ዓመት የሚወጣ ነው፤ ለምሳሌ ኦስትሪያ የእቴጌዋን 300ኛ የልደት ዓመት ስታከብር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቻቸው ባለ 20 ዩሮ የብር ሳንቲሞች። ቆንጆ ናቸው፣ ግን ማርትሬዛ አይደሉም። "የመታሰቢያ ማርትሬዛ" ብሎ በሳጥን አሽጎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

አሁን ወደ ሥራው።

መጀመሪያ የሚገዛው አሮጌ አይደለም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ እኔንም ጨምሮ። መጀመሪያ ግዙ የምላችሁ አዲስ የቪየና ሪስትራይክ ነው፤ ርካሹ፣ ብልጭ የሚለው፣ ማንም ሰብሳቢ የማይጓጓለት። ቪየና የምትኖሩ ወይም ዘመድ ያላችሁ የኦስትሪያ ሳንቲም መቅረጫ ቤት አም ሆይማርክት ላይ የራሱ ሱቅ አለው። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የታወቀ ሳንቲም ነጋዴ ጋር አታጡትም። ለምን አዲስ? ምክንያቱም መለኪያችሁ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ከሱ ጎን አስቀምጣችሁ ታያላችሁ። ከፎቶ ጋር ማስተያየትና ከዕቃው ጋር ማስተያየት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ፕሩፍ የሚባለው እንደ መስታወት የሚያበራ ዓይነትም አለ፣ ለመለኪያነት ግን ተራው ይበቃል።

በእጃችሁ ሲገባ አትቸኩሉ። በጠርዙ ያዙት፣ ጣታችሁ ፊቱን አይንካ። የእቴጌዋ ምስል ወደ ቀኝ ያያል፣ ከራሳቸው ላይ ሻሽ መሳይ መሸፈኛ ወደ ኋላ ይወርዳል። ትከሻቸው ላይ ክብ ብሮሽ አለ፣ ዙሪያው በዕንቁ የተከበበ። አጉሊ መነጽር አምጡና ቁጠሩ፦ 9። የድሮ ሰው ይህን ይቆጥር ነበር፤ ዕንቁው ካልተለየ ብሩን አይቀበልም። እንግዲህ ባንክ ሳይኖር ባንከኛ ማለት ይሄ ነው። ከደረታቸው በታች ሁለት ፊደል ታያላችሁ፣ ኤስ እና ኤፍ። የጉንስቡርግ መቅረጫ ቤት ኃላፊዎች የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው። ጉንስቡርግ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ናት፣ መቅረጫው ከተዘጋ ብዙ ዘመን አልፎታል። ፊደሉ ግን ሮምም ሄዶ፣ ቦምቤይም ሄዶ እዚያው አለ። ስለዚህ "ኤስ ኤፍ ስላለው የመጀመሪያው ነው" የሚላችሁን አትስሙ።

ገልብጡት። ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ ደረቱ ላይ ጋሻ። ከ1780 ቀጥሎ ትንሽ የተጋደመ መስቀል አለ፣ ኤክስ የሚመስል። እሱ ከ1750 ወዲህ የመጣውን የብር መጠን የሚያመለክት ምልክት ነው። አሁን ደግሞ የምወደው ቦታ ጋ ደረስን፣ ጠርዙ። ብዙ ሰው ጠርዙን አያይም። በዙሪያው ጎላ ጎላ ብሎ በላቲን ኢዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ ይላል፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው፣ በቃላቱ መካከል ጌጥ አለ። ፊደሉ ወደ ላይ የወጣ እንጂ ወደ ውስጥ የተቆፈረ አይደለም። በጥፍራችሁ ዳበስ ብታደርጉት ይሰማችኋል። ፎርጅድ የሚሠሩ ሰዎች እዚህ ይደክማሉ። አንዳንዱ ጠርዙን ባዶ ይተወዋል፣ አንዳንዱ እንደ ተራ ሳንቲም ሸንተረር ያደርግበታል፣ በሁለት ቅርጽ መሃል ያቀለጠው ደግሞ ያንን የጀሪካን መስመር ይተውላችኋል። ሱቅ ውስጥ ጊዜ ከሌላችሁ ጠርዙን ብቻ እዩ። ግማሹን ፎርጅድ እዚያው ትጥሉታላችሁ።

ቀጥሎ ሚዛን። 0.01 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ግዙ፣ ውድ አይደለም። ያልተበላ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል። ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ውፍረቱ 2.5። ብዙ እጅ ያለፈበት ትንሽ ይቀንሳል፣ 27 ከምናምን ቢሆን አትደንግጡ። 25 ከሆነ ደንግጡ።

ማግኔትስ? ብር ላይ ማግኔት አይለጠፍም። ግን ናስም ላይ አይለጠፍም፣ መዳብም ላይ። ማግኔት ከተለጠፈ በእርግጥ ፎርጅድ ነው፣ ካልተለጠፈ ግን ገና ምንም አላወቃችሁም። ሻጩ ማግኔት አውጥቶ "ይኸው!" ካላችሁ ፈገግ በሉና ሚዛናችሁን አውጡ።

ዋናው ፈተና የውኃው ነው፣ ቤት ውስጥ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ንጥረቱ ከሺህ 833 ብር ነው፣ ቀሪው መዳብ። እንዲህ ያለ ቅልቅል ከውኃ 10.2 ጊዜ ያህል ይከብዳል። መጀመሪያ ሳንቲሙን በደረቁ መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር እሰሩት፣ ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት፣ ግን የብርጭቆውን ታችም ጎኑንም እንዳይነካ። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክሩን እርሳስ ላይ አስራችሁ እርሳሱን በሁለት መጽሐፍ ላይ ብታጋድሙት ይሻላል። ሳንቲሙ ላይ የአየር ፊኛ ከተለጠፈ ነቅነቅ አድርጉት። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየውን ቁጥር አንብቡ። ለጤናማ ማርትሬዛ 2.75 ግራም አካባቢ ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ አካፍሉት፦ 28.07 ለ2.75፣ 10.2። ያች የኔዋ ጉደኛ 24.1 ስትሆን ውኃ ውስጥ 2.85 አነበበች። 8.46። የናስ ዘመድ፣ ከላይ ብር ቅብ። የዚህ ፈተና ደስ የሚለው ነገር ሳንቲሙ ቢበላም ባይበላም ውጤቱ አለመለወጡ ነው፣ ምክንያቱም የምታካፍሉት የራሱን ክብደት ነው። ሲጨርስ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁት፣ አትሹት።

አንጥረኛ ጋ ወስዳችሁ "እይልኝ" ብትሉት ሊነግራችሁ ይችላል፣ ዓይናቸው ሹል ነው። ነገር ግን ጠርዙን በሞረድ ሞርዶ፣ ወይም አሲድ ጠብ አድርጎ ነው የሚያየው። ለጌጥ ለሚያቀልጠው ሰው ችግር የለውም። ለእናንተ ግን ጠባሳ ነው።

እንግዲህ ብር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የትኛው መቅረጫ ቤት ነው የሚለው ይመጣል፣ ሰብሳቢነት ራሱ የሚጀምረውም እዚህ ነው። የሮም፣ የለንደን፣ የቦምቤይ ብሎ የተጻፈበት የለም። ልዩነቱ ጥቃቅን ነው፦ የንስሩ ጅራት ላባ አደራደር፣ የብሮሹ ቅርጽና መጠን፣ ከኤስ እና ከኤፍ በኋላ ነጥብ መኖር አለመኖሩ፣ የጠርዙ ጌጥ፣ የፊደሎቹ ውፍረት። በአንድ ቀን አይለመድም። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ እያንዳንዱን ሳንቲም በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከአንድ ዓይነት ርቀት ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ከዚያ ጅራቱን ብቻ ቆርጬ ጎን ለጎን አደርጋለሁ። ሙሉውን ምስል ስታዩት ሁሉም አንድ ነው። ጅራት ከጅራት ሲተያይ ግን ልክ እንደ መንታ ልጆች ነው፣ እናታቸው የምታውቀው ልዩነት ብቅ ይላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ "ሪስትራይክ፣ ቦታው ያልታወቀ" ብላችሁ ጻፉና እለፉ። የጉንስቡርግ የመጀመሪያው ነው እየተባለ በትልቅ ዋጋ የሚቀርብላችሁን ግን በሻጩ ቃል ብቻ አትግዙ፤ የታወቀ መርማሪ ድርጅት አይቶ ያሸገው ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ዋጋ። እዚህ ጋ ቀላል ሒሳብ አለ። አንዱ ማርትሬዛ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.39 ግራም ነው፣ የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ማለት ይቻላል። የዕለቱን የብር ዋጋ በአውንስ ስልካችሁ ላይ እዩና በ0.75 አባዙት። ያ ወለሉ ነው። ተራ ሪስትራይክ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከወለሉ በታች የሚሸጥላችሁ ሰው ካገኛችሁ ወይ ዘመድ ነው ወይ ፎርጅድ ነው። ሦስትና አራት እጥፍ የሚጠይቃችሁ ደግሞ ምክንያቱን ያስረዳ። "አሮጌ ስለሆነ" ምክንያት አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ከፈረንጅ ሰብሳቢዎች ጋር አልስማማም። እነሱ ቀዳዳ ያለው ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ማርትሬዛ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ተበላሽቷል ይላሉ። ለኔ ተቃራኒው ነው። ስንት ማርትሬዛ ነው እኛ አገር ቀልጦ የአንገት መስቀል፣ አምባርና ድሪ የሆነው! ሳይቀልጥ የተረፈው፣ አንዲት እናት አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የእቴጌዋ አፍንጫ የሟሸሸው ብር ከተማ ውስጥ ሳጥን ውስጥ ከከረመው ይልቅ ያወራል። ዋጋው በዓለም ገበያ ዝቅ ይላል፣ አዎ። ያ ለኛ እሰየው ነው፣ በርካሽ እንገዛዋለና። የኢትዮጵያን ማርትሬዛ እሰበስባለሁ የሚል ሰው አንድ ሁለት እንደዚህ ያለ ባይኖረው ይገርመኛል።

ስለ ማጽዳት ልቆጣ ነው። አትጽዱ። አያቴ ከሞቱ በኋላ ከሙዳያቸው ሁለት ጠገራ ወጣ፣ ጥቁር ቡናማ መልክ ያለው። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ አንዱን በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። ብልጭ አለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ "እንዴት ያምራል!" አለ። በማግስቱ በአጉሊ መነጽር ሳየው ፊታቸው ላይ የጥፍር ጭረት የመሰለ መስመር በመስመር ሆኗል፣ ያ የመቶ ዓመት ጥላም ጠፍቷል። አይመለስም። ሁለተኛውን አልነካሁትም፣ አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ እንግዳ ሲመጣ የትኛው እንደሚያምር እጠይቃለሁ። ሁሉም የተፈተገውን ይመርጣል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። የጥርስ ሳሙናም፣ ቤኪንግ ፓውደርም፣ የብር መወልወያም ያው ነው። ጭቃ ካለው ለብ ባለ ውኃ ብቻ አለቅልቁት።

ስታስቀምጡ ለስላሳውን የፒቪሲ ፕላስቲክ ራቁት፣ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። የጎማ ላስቲክ አትሰሩበት፣ ጎማ ብር ያጠቁራል። ጠንካራ ካፕሱል ወይም መስኮት ያለው የካርቶን መያዣ ይበቃል። ደረቅ ቦታ፣ ከኩሽና ራቅ ያለ።

የት ይፈለጋል? አዲስ አበባ ላይ ቸርችል ጎዳና ያሉት የስጦታ ሱቆች አሉ፣ መርካቶ አለ፣ አንጥረኞች አሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የቤተሰብ ሙዳይ ነው። ገጠር ዘመድ ካላችሁ ጠይቁ፣ ግን አታጭበርብሩ፤ ሚዛናችሁን ፊታቸው አውጡ፣ ሒሳቡን አሳዩአቸው። ዓረብ አገር ያላችሁ የተሻለ ዕድል አላችሁ። የመንም ኦማንም ይህንኑ ብር ለረጅም ዘመን ተገበያይተውበታል፣ የመኖች ሪያል ፈረንሲ ይሉታል። ማስካት ሙጥራህ ገበያ የብር ዕቃ ተራ ውስጥ ገብታችሁ ይህን ስም ጥሩ። ፎርጅዱም እዚያ እንዳለ አትርሱ፣ ጠርዙን!

ከኢትዮጵያ ይዛችሁ ስትወጡ ግን አስቡበት። ጥንታዊ ዕቃ የቅርስ ባለሥልጣን ሳያየውና ፈቃድ ሳይሰጥ አይወጣም፣ ኤርፖርት ላይ "ሪስትራይክ ነው" ብሎ ማስረዳት ደግሞ በሻንጣ ወረፋ መሃል የሚሳካ ክርክር አይደለም። አስቀድማችሁ አሳዩ፣ ወረቀቱን ያዙ።

ማርትሬዛ ከያዛችሁ ዓይናችሁ ወደ ምኒልክ ብር መሄዱ አይቀርም። ይሂድ፣ ግን ቀስ ብሎ። ክብደቱ ሆን ተብሎ ከማርትሬዛ ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ፓሪስ ላይ ስለተቀረጸ የሚዛኑም የውኃውም ፈተና እንዳለ ይሠራበታል። በፎርጅድ ግን ከማርትሬዛ ይብሳል። አንድ ፍንጭ ልስጣችሁ፦ በ1887ና በ1889 ዓ.ም. ብር ላይ አንበሳው ያነሳው እግርና በ1892ና በ1895ቱ ላይ ያነሳው እግር አንድ አይደለም። ፎርጅድ ሠሪ አንዳንዴ ዓመቱን ከአንዱ፣ አንበሳውን ከሌላው ወስዶ ያጋባቸዋል። አላድና ተሙን የሚባሉት ትንንሾቹ የምኒልክ ሳንቲሞች ሌላ ቀን ይቆዩልን።

በመጨረሻ ደብተር ያዙ። የስልክ ማስታወሻም ይሆናል፣ እኔ ግን ደብተር ነው የምወደው። የኔ የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ "ቁጥር 1። ከስጦታ ሱቅ። ደረቅ 24.1፣ ውኃ 2.85፣ ውጤት 8.46። ጠርዝ፦ ጽሑፍ የለም፣ መስመር አለ። ፎርጅድ።" የከፈልኩትም ዋጋ ከጎኑ አለ። ባለቤቴ እንዳታነበው በግዕዝ ቁጥር ነው የጻፍኩት።